የኖርዝፊልድ ባንክ በስሙ ያወጣው የወረቀት ገንዘብ በምን ይታመን ነበር?

ጠያቂ፦ የሚኒያፖሊስ ነዋሪ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ነሐሴ ልጆቼን ይዤ ከምንኖርበት ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ወደምትገኘው ወደ ኖርዝፊልድ ሄጄ ነበር። ኖርዝፊልድ ካርልተንና ሴንት ኦላፍ የተባሉ ሁለት ኮሌጆች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። በዲቪዥን ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1876 እነ ጄሲ ጄምስና የያንገር ወንድማማቾች ሊዘርፉት ሞክረው ያልተሳካላቸው ባንክ የነበረበት ቤት አለ፤ ዛሬ የከተማዪቱ የታሪክ ማኅበር ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ባንኩ «ፈርስት ናሽናል ባንክ ኦቭ ኖርዝፊልድ» ይባል የነበረ ሲሆን፣ በዘረፋው ሙከራ ጊዜ ካዝናውን አልከፍትም ያለው ሠራተኛ ጆሴፍ ሊ ሄይውድ እዚያው ተገድሏል።

ጥያቄዬን ያስነሣው ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ነው። በአንድ የጥንት ገንዘብ ዐውደ ርእይ ላይ በመላው አሜሪካ የነበሩ ትንንሽ ከተሞች ባንኮች በየስማቸው ያወጧቸውን የዶላር ኖቶች ተደርድረው አየሁ። በእያንዳንዱ ኖት ፊት ላይ የባንኩና የከተማው ስም በትልቁ ታትሟል፤ ከግርጌው ደግሞ ሁለት ሰዎች በቀለም ብዕር ፈርመውበታል። ልጄ «እነዚህ ሰዎች ገንዘቡን ራሳቸው ናቸው የሠሩት?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት የገበሬ ከተማ ባንክ በራሱ ስም የወረቀት ገንዘብ እንዲያወጣ የተፈቀደለት እንዴት ነው? ያንን ወረቀት በሌላ ክፍለ አገር የሚኖር ሰው ምን ብሎ አምኖ ይቀበለው ነበር? ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው ደግሞ ይህን ነው፤ ዘራፊዎቹ ካዝናውን ባዶ አድርገው ሄደው ቢሆን ኖሮ በሕዝቡ እጅ የነበረው የባንኩ ኖት ዋጋ ያጣ ነበርን? ሄይውድ ሕይወቱን የሰጠው የከተማውን ገንዘብ ለማዳን ነበር ማለት ይቻላልን?

መልስ ሰጪ፦ የቀድሞ የባንክ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከብዙዎቹ የባንክ ታሪክ ጥያቄዎች የበለጠ ሥር ያለው ስለሆነ በጥቂቱ ሰፋ አድርጌ ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ለሕዝቡ መገበያያ የሚሆን የወረቀት ገንዘብ አያወጣም ነበር። ኖት የሚያወጡት በየክፍለ አገሩ ሕግ ፈቃድ ያገኙ ባንኮች ነበሩ፤ ቍጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ስለነበረና እያንዳንዱም በራሱ መልክና መጠን ያሳትም ስለነበር፣ በገበያ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ የተለያዩ ኖቶች ይዘዋወሩ ነበር። ነጋዴ የሩቅ ከተማ ኖት ሲቀርብለት ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን፣ እውነተኛ ቢሆንም ባንኩ አለመውደቁን ለማጣራት በየጊዜው የሚታተም የመለያ መጽሔት ይገልጥ ነበር። ባንኩ የራቀ ወይም የሚያጠራጥር ከሆነ ኖቱን ከዋጋው ቀንሶ ይቀበለዋል።

ኖርዝፊልድ የምትገኝበት ክፍለ አገር የሚኒሶታ ሰው ይህን መከራ በራሱ ላይ አይቶታል። ሚኒሶታ ራሷን የቻለች ክፍለ አገር በሆነችበት በ1858 ሕዝቡ ለባቡር ሐዲድ ሥራ እስከ አምስት ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር በድምፅ አጸደቀ፤ ከዚህም ውስጥ 2,275,000 ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ታተመ። አዳዲስ ባንኮች እነዚህን ቦንዶች መያዣ አድርገው ኖት እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ሆኖም የባቡር ሐዲዱ ሥራ ተቋረጠ፣ ቦንዱ ገዢ አጣ፣ በ1859 ባንኮቹ ተራ በተራ ወደቁ፣ ኖቶቹን በእጁ ይዞ የተገኘው ገበሬና ባለሱቅ ደግሞ ኪሳራውን ተሸከመ። ክፍለ አገሩ ያንን ዕዳ በስምምነት የጨረሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1881 ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ የመጣው ብሔራዊ ሕግም ኖትን በቦንድ ማስያዝን መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ብቻ ሳይሆን የማን ቦንድ ነው በሚለው ላይ ጭምር ነው።

የብሔራዊ ባንኮች ሕግ የወጣው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1863 ሲሆን፣ በጁን 3 ቀን 1864 እንደገና ተሻሽሎ ተጻፈ። እዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ማለት ማዕከላዊ ባንክ ሳይሆን፣ እንደ ኖርዝፊልዱ «ፈርስት ናሽናል» ባለው በማዕከላዊ መንግሥት ሕግ የተፈቀደለት የግል ባንክ ነው። መንግሥት ለጦርነቱ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ ለቦንዱም ገዢ ማግኘት ነበረበት። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ባንክ ብሔራዊ ለመባል በመጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ዋሽንግተን በሚገኘው ግምጃ ቤት ያስቀምጣል። ቦንዱ የባንኩ ንብረት እንደሆነ ስለሚቀጥል ወለዱን ባንኩ ይቀበላል፤ ነገር ግን ሊያወጣው አይችልም። በምትኩ የገንዘብ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከቦንዱ ዋጋ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ኖት በባንኩ ስም አሳትሞ ይልክለታል። ስለዚህ ለልጅዎ የሚሰጡት መልስ «አልሠሩትም፤ የሠራው መንግሥት ነው፤ እነርሱ ፈርመው አወጡት» የሚል ይሆናል።

የመጀመሪያው የገንዘብ ተቈጣጣሪ ሹም ሂዩ መኩሎክ በኢንዲያና የክፍለ አገር ባንክ መሪ የነበረ፣ ሕጉም ሲረቀቅ ለመቃወም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያ ሰው ሥርዓቱን ራሱ አቋቋመው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በ1902 ዓይነት የሃያ ዶላር ብሔራዊ የባንክ ኖት ላይ የታተመው የእርሱ ምስል ነው። የክፍለ አገር ባንኮች ግን የራሳቸውን ኖት ትተው ወደ አዲሱ ሥርዓት ለመግባት አመንትተው ስለነበር፣ ምክር ቤቱ በማርች 1865 በኖታቸው ላይ አሥር በመቶ ግብር ጣለበት። ይህን ግብር ከፍሎ የሚያተርፍ ባንክ ስላልነበረ የክፍለ አገር ኖት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከገበያ ጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ብሔራዊ ባንክ ቢወድቅ የኖቱ ባለቤት አንድ ሳንቲም እንኳ አያጣም ነበር። ግምጃ ቤቱ ኖቱን በሙሉ ዋጋው ይከፍላል፤ ከዚያም የተያዘውን ቦንድ ሸጦ ሒሳቡን ያወራርዳል፤ ቦንዱ ባይበቃ እንኳ መንግሥት በባንኩ ቀሪ ንብረት ላይ ከሁሉም ቀድሞ የመውሰድ መብት አለው። ስለዚህ ዘራፊዎቹ የኖርዝፊልድን ካዝና ጠራርገው ቢሄዱ ኖሮ በገበሬው ኪስ ያለው ኖት ዋጋው ንቅንቅ አይልም ነበር። መያዣው የተቀመጠው በዲቪዥን ጎዳና ሳይሆን በዋሽንግተን ነው። በእኔ አስተያየት የከተማው ስምና የሁለቱ ሰዎች ፊርማ ለኖቱ መታመን የጨመሩት ነገር ኢምንት ነው።

መልስ ሰጪ፦ የታሪክ መምህርት

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ስለ ሕጉ ያሉት ትክክል ነው። ሆኖም ጠያቂው «ሄይውድ ያዳነው ምንን ነው?» ብለው ስለጠየቁ፣ የዚያን ቀን ነገር በቅርበት ካላየነው መልሱ ጎደሎ ይሆናል።

ዕለቱ ሐሙስ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1876 ነበር። ወደ እኛ አቈጣጠር ስመልሰው ጳጉሜን 3 ቀን 1868 ዓ.ም. ማለትም የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ቀን ሆኖ አገኘሁት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እንደ እኛ አነጋገር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስምንት ሰዎች በፈረስ ወደ ከተማዪቱ ገቡ። ሦስቱ ወደ ባንኩ ገቡ፤ የቀሩት ጎዳናውንና ድልድዩን እንዲጠብቁ ቆሙ። ባንኩ ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሄይውድ፣ አሎንዞ በንከርና ፍራንክ ዊልኮክስ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የታሪክ ጽሑፎች ሄይውድ ተጠባባቂ «ካሸር» እንደነበረ ይነበባል። እኛ ካሸር የምንለው በመስኮት ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበለውንና የሚከፍለውን ሠራተኛ ነው። በዚያ ዘመን ግን ካሸር ማለት የባንኩን የዕለት ሥራ የሚመራ፣ ብድር የሚፈቅድ፣ በኖቱም ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የሚፈርም ዋና ኃላፊ ነበር። የኖርዝፊልድ ባንክ ካሸር በዚያ ሰሞን የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት ወደሚከበርበት ወደ ፊላደልፊያው ታላቅ ዐውደ ርእይ ሄዶ ስለነበር፣ በሒሳብ መዝጋቢነት ይሠራ የነበረው ሄይውድ ተተክቶ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በተጨማሪም የካርልተን ኮሌጅ ገንዘብ ያዥ ነበረ፤ ቀድሞም በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜን ወገን የዘመተ ወታደር ነው።

ዘራፊዎቹ ካዝናውን እንዲከፍት ሲያዝዙት በሰዓት የሚሠራ ቍልፍ ስላለበት አሁን ሊከፈት አይችልም ብሎ መለሰ። ከእነርሱ አንዱ ካዝናው ወዳለበት ክፍል ሲገባ ሄይውድ ከባዱን በር ሊዘጋበት ተነሣ፤ መቱት፣ አንገቱንም በቢላ ጫሩት፣ ከአጠገቡም ጥይት ተኮሱ፤ እርሱ ግን ቃሉን አልለወጠም። በውስጥ የነበረው ካዝና በእውነቱ ተዘግቶ እንጂ ተቈልፎ እንዳልነበረ ኋላ ታወቀ፤ እጀታውን የሞከረ አንድም ዘራፊ አልነበረም። በውስጡ ወደ 15,000 ዶላር ይገኝ ነበር። በንከር በኋላ በር ሮጦ ሲያመልጥ ትከሻውን ቈሰለ። ዘራፊዎቹ ተስፋ ቈርጠው ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱ ሄይውድን ተኵሶ ገደለው። ይዘውት የሄዱት ገንዘብ 26 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነበር።

በጎዳናው ላይ የሆነውን አሳጥሬ ልናገር። የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴው አለን ባንኩ እየተዘረፈ ነው ብሎ ጮኸ። ለዕረፍት ከሚቺጋን የመጣው የሕክምና ተማሪ ሄንሪ ዊለር ከሆቴል መስኮት፣ ሌላው ነጋዴ ማኒንግ ደግሞ ከጎዳናው ማዕዘን ሆነው ሁለቱን ዘራፊዎች ጣሉ። እንግሊዝኛ በቅጡ የማያውቅ ኒኮላስ ጉስታፍሰን የተባለ ከስዊድን የመጣ ስደተኛ በመካከል በጥይት ተመትቶ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ይህ ሰው በታሪኩ ውስጥ በአንድ መሥመር ብቻ ሲታለፍ ባየሁ ቍጥር ያሳዝነኛል፤ ባንኩ ውስጥ ምንም ጉዳይ አልነበረውም፤ ሽሽ ሲሉት ቃሉን ባለመረዳቱ ነው የሞተው ይባላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን፣ ማዴሊያ በተባለች ከተማ አጠገብ ሦስቱ የያንገር ወንድማማቾች ተያዙ፣ አንድ ጓደኛቸውም ተገደለ። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነ የገበሬ ልጅ ነበር አይቶ ያሳበቀባቸው። ጄሲና ፍራንክ ጄምስ እንደሆኑ የሚታመነው ሁለቱ ግን አመለጡ።

እንግዲህ ሄይውድ የኖቱን ዋጋ አላዳነም፤ ወንድማችን እንዳሉት ያ ዋስትና ዋሽንግተን ነበር። ያዳነው ተቀማጩን ነው። በዚያ ዘመን ለባንክ ተቀማጭ የመንግሥት መድን አልነበረም፤ ያ የመጣው ከ1933ቱ ሕግ በኋላ ነው። የስንዴውን ዋጋ ባንክ ያስገባ ገበሬ፣ የሳምንት ሽያጩን ያስቀመጠ ባለሱቅ፣ የኮሌጁም ሒሳብ ጭምር ካዝናው ባዶ ቢሆን ከባለአክሲዮኖቹ ጋር የሚጐዱት እነርሱ ናቸው። ባለአክሲዮኖቹም ቢሆኑ በብሔራዊ ባንክ ሕግ ከገዙት አክሲዮን በተጨማሪ የዚያኑ ያህል ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ሊገደዱ ይችሉ ነበር። በአንድ ባንክ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ባለገንዘብ ነበረ ማለት ነው፤ ኖት የያዘው ሰው በመንግሥት ቦንድ ተጠብቆ ያድራል፤ ተቀማጭ ያለው ሰው ግን የሚጠበቀው በካዝናው በርና በሄይውድ ብቻ ነበር።

ከዘረፋው በፊት የካርልተን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በ1864 በቨርሞንት ስለተፈጸመው የሴንት አልባንስ የባንክ ዘረፋ አንሥተው፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ካዝናውን ይከፍት እንደሆነ ሄይውድን ጠይቀውት፣ እንደማይከፍት መልሶላቸው ነበር ተብሎ በከተማዪቱ ይተረካል።

መልስ ሰጪ፦ ኖት ሰብሳቢ

ለብዙ ዓመታት እነዚህን ኖቶች ስሰበስብና ሳጠና ስለቈየሁ፣ ጠያቂው በዐውደ ርእዩ ያዩትን ነገር በዓይን በሚታይ መልኩ ላስረዳ፤ በአንድ ነጥብ ላይም ከቀድሞው የባንክ ባለሙያ ጋር አልስማማም።

ኖቶቹ ወደ ትንሿ ከተማ የሚደርሱት ሳይቈረጡ ነበር። በአንድ ሉህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ኖቶች ታትመው በጭነት ይላካሉ፤ በላያቸው የግምጃ ቤቱ ማኅተም፣ ተራ ቍጥርና የሁለት የመንግሥት ሹማምንት የታተመ ፊርማ አለ። ካሸሩና ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሉህ በሉህ በቀለም ይፈርማሉ፤ ከዚያም በመቀስ ይቈርጧቸዋል። ዛሬ በእጃችን የሚገቡት ኖቶች ጠርዝ ወጣ ገባ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። ቀለሙም እንደ ጥራቱ በብዙዎቹ ላይ ወደ ቡናማ ደብዝዟል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። አንድ ሰው በሺህ የሚቈጠር ኖት በእጁ ሲፈርም ስሙ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እያጠረ እንደሚሄድ በአንድ ባንክ ኖቶች ላይ ተከታትሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ኖቶች በውበት የሚደርስባቸው የለም። በአምስት ዶላሩ ፊት ኮሎምበስ መሬት ሲያይ፣ በአሥር ዶላሩ ፍራንክሊን በካይት መብረቅን ሲመረምር፣ በሃያ ዶላሩ የሌክሲንግተን ውጊያ ተቀርጿል። በጀርባቸው መካከል ደግሞ የአገሪቱ የታሪክ ሥዕል በጥቁር ቀለም ሲኖር፣ በአንዱ ጎን ባንኩ የሚገኝበት የክፍለ አገር ዓርማ ይገባል። የኖርዝፊልድ ባንክ በ1872 የተቋቋመ በመሆኑ ሄይውድ በሚሠራበት ጊዜ የነበሩት ኖቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። የኖቱ መልክ የሚለወጠው እንደ ባንኩ ፈቃድ ዕድሜ ነበር፤ ፈቃዱ ለሃያ ዓመት ስለሚሰጥ፣ በ1872 የተመሠረተ ባንክ እስከ 1892 የመጀመሪያውን ዓይነት ያወጣል፣ ፈቃዱን ሲያሳድስ ወደ 1882ቱ ዓይነት ይሻገራል፣ እንደገና ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ 1902ቱ ይገባል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጎረቤት ከተሞች በአንድ ዓመት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ኖቶች ሊያወጡ ይችሉ ነበር። ከ1929 ጀምሮ ኖቱ ዛሬ በምናውቀው መጠን አነሰ፤ የባንኩ ሹማምንት ፊርማም በማተሚያ ስለሚገባ የብዕሩ ሥራ ቀረ።

የማልስማማበት ነጥብ የሚከተለው ነው። የከተማው ስምና ፊርማው ኢምንት ነው መባሉ ልክ አይመስለኝም። ኖቱ ላይ የተጻፈው ቃል «ባንኩ ለአምጪው በተጠየቀ ጊዜ ይከፍላል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ከፋይ ባንኩ ራሱ ነበር፤ ኖቱን በመስኮቱ ያቀረበ ሰው ሕጋዊ ገንዘብ፣ ማለትም መንግሥት ራሱ ያወጣውን፣ ቈጥሮ ይቀበላል። ከጁን 1874 በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ባንክ ካወጣው ኖት አምስት በመቶ የሚሆን ገንዘብ ዋሽንግተን ውስጥ እንዲያስቀምጥ ተገደደ፤ ያረጀና የተቀደደ ኖት እየተሰበሰበ እዚያ ይከፈላል፤ ባንኩም የጎደለውን ይተካል። ቦንዱ የሚነካው ባንኩ ሲወድቅ ብቻ ነው። በደኅናው ጊዜ ኖቱን ያቆመው በየቀኑ በመስኮቱ የሚከፍለው የከተማው ሰው ነበር። ገበሬው ኖቱን ሲቀበል በፈረመው ሰው አጠገብ በቤተ ክርስቲያን እየተቀመጠ፣ ልጆቹንም ከዚያ ሰው ልጆች ጋር እያስተማረ ነው። ለሩቅ አገር ሰው ዋሽንግተን ዋስ ሆነለት፤ ለጎረቤቱ ግን ስሙ ዋጋ ነበረው።

ፊርማው በሕግ ፊትም ክብደት ነበረው። ካልተፈረመ ኖቱ ገና ወደ ገበያ አልወጣም፤ ስለዚህ ያልተፈረሙ ሉሆች ተሰርቀው በሐሰት ተፈርመው ሲገኙ ማን ይክፈል የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ይነሣ ነበር። በጁላይ 1892 የወጣ ሕግ፣ ፊርማ ባይኖርበትም ወይም ፊርማው ሐሰተኛ ቢሆንም የተሰረቀው ኖት እንዲከፈል ወሰነ። በ1876 ግን ይህ ሕግ አልነበረም።

መልስ ሰጪ፦ የቀድሞ የባንክ ባለሙያ

ኖት ሰብሳቢው ወንድሜ ስለ መስኮቱ ያነሡትን እቀበላለሁ፤ ኢምንት ማለቴ ከሚገባው በላይ ነበር። ይልቁንም ሥርዓቱ ለትንሽ ከተማ የነበረበትን ችግር ሳልናገር ቀርቻለሁና ልጨምርበት።

የኖቱ ብዛት የሚወሰነው በቦንዱ እንጂ በከተማው ፍላጎት አልነበረም። ኖርዝፊልድ በዚያን ጊዜ ስንዴ አምራች ከተማ ናት፤ የኤምስ ቤተሰብ ወፍጮም በካነን ወንዝ ላይ ነበር። በመኸር ጊዜ ስንዴ ገዢው፣ ባለወፍጮውና ባለጋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ባንኩ ግን ተጨማሪ ኖት ለማውጣት ተጨማሪ ቦንድ መግዛት አለበት። በ1880ዎቹ መንግሥት ዕዳውን እየከፈለ ቦንዱ ሲያንስና ዋጋው ሲወደድ፣ መቶ ዶላር ለሚባል ቦንድ ከመቶ በላይ እየከፈሉ የዘጠና ዶላር ኖት ብቻ መቀበል ኪሳራ ሆነ። በየዓመቱም በኖቱ ላይ አንድ በመቶ ግብር አለ። ስለዚህ አገሪቱ እያደገች ሳለ የብሔራዊ ባንኮች ኖት በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ይህን ስናይ ኖቱ እጅግ አስተማማኝ የሆነበት ምክንያትና እጅግ ግትር የሆነበት ምክንያት አንድ መሆኑን እንረዳለን።

በማርች 1900 የወጣው ሕግ ባንኮች የቦንዳቸውን ሙሉ ዋጋ ያህል ኖት እንዲያወጡ ፈቀደ፤ ከሦስት ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ ባለበት ስፍራም በ25,000 ዶላር ካፒታል ብሔራዊ ባንክ ማቋቋም ተቻለ። ቀድሞ ትንሹ መጠን 50,000 ነበር። ጠያቂው ያዩዋቸው ስማቸው የማይታወቅ መንደሮች ኖቶች ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው። የ1907ቱ የባንክ ድንጋጤ ግን ግትርነቱን እንደገና አጋለጠው፤ በ1913 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ ያቋቋመው የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ የወጣውም ይህንኑ ለማስተካከል ነው።

በአገራችን ነገሩ የተለየ ነበር፤ በ1905 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ውል መሠረት ኖት የማውጣት መብት የነበረው አቢሲኒያ ባንክ ብቻውን ነው። ስለዚህ የጎሬ ወይም የድሬዳዋ ባንክ በራሱ ከተማ ስም የሚያወጣው ኖት የሚባል ነገር ለእኛ እንግዳ የሚሆንብን በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂ፦ የሚኒያፖሊስ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ኖትና ተቀማጭ በአንድ ባንክ ውስጥ የተለያየ ዋስትና እንደነበራቸው አላውቅም ነበር፤ ስለ ሄይውድ የነበረኝም ግምት ተስተካከለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። እነዚህ ኖቶች መቼና እንዴት አበቁ? ዛሬ አንድ ሰው የአያቱን ሣጥን ሲከፍት አንዱን ቢያገኝ ገንዘብ ነው ወይስ ቅርስ ብቻ?

መልስ ሰጪ፦ ኖት ሰብሳቢ

ያበቁት በ1935 ነው። ለኖቱ መያዣ ሆነው ይቀመጡ የነበሩትን የመጨረሻዎቹን ቦንዶች፣ እነርሱም የሁለት በመቶ ወለድ ያላቸውንና ለፓናማ ካናል ሥራ የወጡትን፣ መንግሥት በዚያ ዓመት በጁላይና በኦገስት መጀመሪያ ላይ ከፍሎ ሰበሰባቸው። መያዣው ስለሌለ አዲስ ኖት ማውጣት አልተቻለም። ባንኮቹ በሕዝብ እጅ የቀረውን ኖታቸውን ያህል ገንዘብ ለግምጃ ቤቱ አስረከቡ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዕዳው ከባንኮቹ ላይ ወርዶ የመንግሥት ሆነ። ኖቶቹ ወደ ባንክ በተመለሱ ቍጥር እየተለዩ ስለሚወገዱ ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፉ።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ፣ ኖቱ ዛሬም ሕጋዊ ገንዘብ ነው፤ አምስት ዶላር የሚል ኖት በማናቸውም ባንክ በአምስት ዶላር ይመነዘራል። ይህን ግን ማንም እንዲያደርግ አልመክርም፤ ሰብሳቢዎች ከላዩ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይከፍሉበታል፤ ከትንሽ ከተማ የወጣ የመጀመሪያው ዓይነት ኖት ከሆነ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። በሣጥን ያገኘ ሰው ከሦስት ነገሮች እንዲጠነቀቅ አደራ እላለሁ፤ እንዳያጥበው፣ የተቀደደውን በሙጫ እንዳያጣብቀው፣ የደበዘዘውንም ፊርማ በቀለም እንዳያደምቀው። በቅንነት ፊርማውን ደግሞ ጽፎ ያመጣልኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ከሥሩ የነበረውን የካሸሩን የእጅ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ለይቶ ማንበብ አልተቻለም።

የ1870ዎቹን የኖርዝፊልድ ኖት የሚያገኝ ሰው ካለ በመጀመሪያ በስተቀኝና በስተግራ ከግርጌ ያሉትን ሁለት ፊርማዎች በማጉያ መነጽር ይመልከት። የካሸሩ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በግራ በኩል ነው።